የወጥ ቤቱ ደረጃ

ባለፈው ሳምንት መምህራችን በእንግሊዝ ገጠር ያለ የአንድ ባላባት ቤት ፕላን ክፍል ውስጥ አሳየን። «ጥንት ጌታውም አሽከሩም በአንድ ደረጃ ነበር የሚመላለሱት። በኋላ ግን ፊት ለፊት እንዳይገናኙ ብለው ለአሽከሮቹ ይቺን ጠባብ ደረጃ ከኋላ ሠሩ» ሲለን ሳቄ አመለጠኝ። ምን ላድርግ! እኔ እኮ እንደዚያች ባለች ደረጃ ላይ ነው ያደግኩት።

ልጅ እያለሁ በሰው አገር፣ ዮቪል በሚባል የከተማ ሰፈር ውስጥ፣ ድሮ አንድ እንግሊዛዊ ሀብታም እንደ አገሩ ቤት አስመስሎ ባሠራው ትልቅ ቤት፣ ከሆሳዕና የተሰደድን ጥቂት ቤተሰቦች ክፍል ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ወጥ ቤቱ ጥግ ያለችው በር ለትልልቆቹ ዕቃ ማስቀመጫ ነበረች፤ የሽንኩርት ጆንያና ለሱቅ የሚሄድ ዘይት ይከመርባታል። ከጆንያው ጀርባ ደረጃ እንዳለ፣ ጣራ ሥር ወዳለች ክፍልም እንደሚያወጣ የምናውቀው ድብብቆሽ የምንጫወተው ልጆች ብቻ ነን። የአሮጌ እንጨትና የሽንኩርት ሽታዋ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ።

ከዚያ ኮሮና መጣ። አባዬ ኦሬንጅ ፋርም በሚባል ራቅ ያለ ሰፈር፣ ስፓዛ በሚሏት ትንሽ ሱቁ ውስጥ እያደረ ሲሠራ እማዬ ወንድሜን ወለደች። ልጁን ሊያይ በመጣ ዕለት ግን ሳል ይዞት ነበር፤ የአጥሩ በር ላይ ቆመ።

«አራስ ያለችበት አልገባም፤ ተመልሼ ሱቁ ውስጥ እተኛለሁ» አለ።

እማዬ በመስኮት ብቅ ብላ «ብቻህን ታመህ ውሃ ማን ሊያቀብልህ? አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል እንዴ!» ብላ አለቀሰች። ግን የት ይግባ? ሁላችንም የምንወጣበት ደረጃ አንድ ነው።

«ሌላ ደረጃ አለ» አልኩ።

ጎረቤታችን እትዬ አስቴር «ይቺ ደግሞ! ስንት ዓመት ስኖር እኔ ያላየሁትን?» ብለው ሳቁብኝ። ጆንያው ሲነሳ ግን «ጌታ ሆይ!» ብለው አፋቸውን ያዙ።

ወጥ ቤቱን ለቀቅንለትና አባዬ በጓሮ ገብቶ በዚያች ደረጃ ጣራ ሥር ወዳለችው ክፍል ወጣ። ሾርባውንና የዝንጅብል ሻዩን ደረጃው ላይ አስቀምጠን፣ በሩን ዘግተን እናንኳኳ ነበር። አንዳንድ ቀን መልስ ሲጠፋ እማዬ በሩ ሥር ትጸልያለች፤ እኔም አባቴን የማጣ መስሎኝ በጣም ፈራሁ።

ትኩሳቱ የለቀቀው ቀን እማዬ አፍንጫና አፏን ሸፍና፣ ሕፃኑን ታቅፋ ከታች ቆመች፤ አባዬ ከላይ። ጨለማ ስለነበር በእማዬ ስልክ አበራሁላቸው። አባዬ ልጁን አየው፣ አየው፣ አልጠግበው አለ።

«አፍንጫው የኔ ነው፤ አይ ምስኪን!» አለ። ሳቅንም፣ አለቀስንም።

አሁን የራሳችን ቤት አለን። ደረጃ የለውም፤ ሁላችንም በአንድ በር ነው የምንገባው። ደስ ይላል፤ ግን የእትዬ አስቴር ጫጫታ የለም፣ ወንድሜም የሚደበቅበት አጥቶ ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጦ ይውላል።

ያን ዕለት ከክፍል እንደወጣሁ አባዬ ጋር ደወልኩና እንግሊዞቹ ያቺን ደረጃ የሠሩት ሰው ከሰው እንዳይገናኝ መሆኑን ነገርኩት። እሱም ሳቀ።

«አልሆነላቸውም በያቸው» አለኝ። «እኔ ልጄን ያገኘሁት እዚያ ነው።»