ግቢ የወጣው አልጋ

ግቢ ውስጥ አልጋ ወጥቶ ካየሁ እስከ ዛሬ ወደ ቤት መግባት ያቅተኛል። ባለፈው ሰሞን ባለቤቴ ቤታችንን ቀለም ሊያስቀባ አልጋችንን አውጥቶ አጥሩን አስደግፎት ነበር። ከሥራ ስመለስ አየሁትና ከበሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። እሱ የቀለሙ ሽታ ያስቸገረኝ መስሎት መስኮት ሊከፍት ሮጠ። ምን ብዬ ላስረዳው? ነገሩ የሚጀምረው አምቦ፣ ሁሉቃ ወንዝ አጠገብ ከነበረችው የጭቃ ቤታችን፣ ከአንዲት ጠባብ መኝታ ክፍል ነው።

ልጅ እያለሁ ቤታችን ሁለት ክፍል ነበራት። ሳሎን በምንላት እኔና እናቴ እንተኛለን፣ ትንሿ ደግሞ የታላቅ ወንድሜ የደረጀ ነበረች። አባታችንን ሞት የወሰደው እኔ ሳላውቀው ነው። ደረጀ ሬዲዮ ይጠግን ነበር። የሰፈሩ የተበላሸ ሬዲዮ ሁሉ እሱ ክፍል ይከማቻል፤ ሆዱ ተከፍቶ አልጋው ሥር፣ ሳጥኑ ላይ፣ መስኮቱ ላይ ይቀመጣል። ሽቦው ከየሚስማሩ ይንጠለጠላል። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥቶ ለአንድ ምሽት ዘፈን ያስነሳው ነበር። እናቴ ጊንጪ ገበያ እየወሰደች የምትሸጠው ሽንኩርትም ቦታ ስለሌለው የሚቀመጠው እዚያው ነው። ክፍሏ ሽንኩርትና በከሰል የጋለ ብረት ትሸት ነበር። እናቴ፣ ሰይጣን ቢገባባት እንኳ ተደናቅፎ እግሩን ይሰብራል ትል ነበር። ደረጀ ግን የትኛው ዕቃ የት እንዳለ ዓይኑን ጨፍኖ ያገኘዋል፤ የነካበት ሰው ወዮለት።

ለብሔራዊ ውትድርና የወሰዱት አንድ ሬዲዮ ፈቶ ሳይገጥም ነው። ብሎኖቹን በሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሰሃን አድርጎ አልጋው ራስጌ አስቀምጧቸው ነበር። ሊሰናበተን የፈቀዱለት ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ እናቴን አቅፎ፣ ለእኔ ያለኝ ግን «ሙሉ፣ ብሎኖቹን እንዳትበታትኚብኝ» ብቻ ነው። እኔም እሺ አልኩ።

ከሄደ በኋላ እናቴ ከዕቃው አንዱንም አላንቀሳቀሰችም። የሽንኩርቱን ጆንያ በዙሪያው፣ ከዚያም በላዩ ትደረድራለች እንጂ የሱን አትነካም። በሁለት ዓመት ውስጥ ክፍሏ በጎን ካልሆነ የማይገባባት ሆነች። አይጥም ገባባት።

ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ ትምህርት እስኪከፈት ቤት የነበርኩበት ሰሞን ነው፤ ክረምቱ ሊወጣ ሲል። እናቴ ጊንጪ ገበያ በሄደችበት ቀን ደብዳቤ መጣ። ማንበብ የምችለው እኔ ስለሆንኩ ከፈትኩት። ደረጀ ነው። ደህና ነኝ፣ ለመስቀል ፈቃድ ስለሚሰጡኝ እመጣለሁ፣ ክፍሌን አይጥ እንዳይወርሰው ይላል። ደስታው የምረግጠውን አሳጣኝ። እናቴ ከመመለሷ በፊት ክፍሏን አስተካክዬ፣ መጀመሪያ ክፍሏን አሳይቻት፣ ከዚያ ደብዳቤውን ላነብላት አሰብኩ። ልጅ ነኝና ደስታውን በሁለት እጥፍ ላደርግላት ነው።

ብቻዬን አልጋ አላነሳም። ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ ጋ ሮጬ ነገርኳቸው። ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውን አስከትለው መጡ። የሚስቅና የሚያመሰግን ጎረቤት ተጨመረ። አልጋው ወጥቶ አጥሩን ተደገፈ፣ ሳጥኑ ወጣ፣ ጆንያው ወጣ። ሬዲዮዎቹን ጭቃ እንዳይነካቸው አዴ ጫልቱ ከቤታቸው ሁለት አግዳሚ አስመጥተው ግቢው ውስጥ አስቀመጡልኝ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ወለሉን በእበት ይለቀልቁ ጀመር። የብሎኑን ሰሃን ለማንም አላመንኩም፤ በእጄ አውጥቼ አግዳሚው ጫፍ ላይ አኖርኩት።

አንድ ነገር ግን አላሰብንም። እኔስ ልጅ ነኝ፤ ትልልቆቹም በደስታቸው ሳያስቡት ቀሩ። በእኛ ሰፈር ሰው ሞተ ሲባል መጀመሪያ የሚደረገው ዕቃ ማውጣት ነው። አልጋና ሳጥን ግቢ ይወጣል፣ ቤቱ ለለቀስተኛ ይለቀቃል፣ አግዳሚ ይመጣል፣ ሴቶች ወገባቸውን ያስራሉ። ልጁ በሩቅ የሞተበት እናት ከመንገድ ሳትመለስ ጎረቤት ቀድሞ እንዲህ የሚያሰናዳበት ጊዜ ነበር። በዚያ ዘመን በዚያ መልክ መርዶ ያልገባበት ሰፈር አልነበረም።

እናቴ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። አልጋውን አየች። አግዳሚውን አየች። ሴቶቹን አየች። ዘንቢሏ ከእጇ ወደቀ። ምን ሆነ ብላ አልጠየቀችም፤ «መቼ ነው? መቼ ሰማችሁ?» አለችና ጭቃው ላይ ተንበረከከች። ከዚያ ነጠላዋን ከራሷ ላይ ገፍፋ ደረቷን እየደቃች ስሙን ትጠራ ጀመር። ሰው ሁሉ ሲሯሯጥ አግዳሚው ተገፋ፣ ሰሃኑ ወደቀ። እኔ ደብዳቤውን ጉያዬ ውስጥ ይዤ ቆሜያለሁ።

አዴ ጫልቱ ጭቃው ላይ አብረዋት ወድቀው ሁለት እጇን ያዙ። «ጅራ! ሂን ቦኢን፣ አታልቅሺ፣ ጅራ! አለ፣ በሕይወት አለ፤ ደብዳቤ ልኳል። ሙሉ፣ ነይ አንብቢላት» አሉ።

አነበብኩላት። አላመነችኝም፤ ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ። ከዚያ ተነስታ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ትመታኛለች ብዬ ነበር፤ ብትመታኝ በተሻለኝ። «ዕቃው ይመለስ» አለች ቀስ ብላ። «እንደነበረ። አሁን።» ወለሉ ገና አልደረቀም ብትባልም አልሰማችም። የአልጋው አራት እግሮች እርጥቡ እበት ውስጥ ሰመጡ፤ ሽንኩርቱም በላዩ ተመለሰ። አዴ ጫልቱ ሲወጡ፣ በቁሙ የተለቀሰለት ሰው ዕድሜው ይረዝማል ብለው አጽናኗት። ደስ እንዲላት እንጂ ራሳቸውም ፊታቸው ጠቁሮ ነበር።

እኔ ሳሩ ውስጥ ብሎን ስለቅም ሰነበትኩ። ሁሉንም ካገኘሁ ይመጣል ብዬ ከራሴ ጋር ተስማምቼ ነበር። አንዷን አጣኋት።

መስቀል መጣ፣ ደመራው ነደደ፣ ደረጀ አልመጣም። ደብዳቤም ዳግመኛ አልመጣም። ደርግ ሲወድቅ ወታደሩ በአዲስ አበባው መንገድ በእግሩ ሲጎርፍ እናቴ ቆሎ ይዛ መንገድ ዳር ትቀመጥ ነበር። የተራበውን እያጎረሰች ደረጀ የሚባል አውቀህ እንደሆን ትለዋለች። የሚያውቀው አልተገኘም፤ ሞቷል የሚልም አልተገኘም። ዓመታት አልፈው ሽማግሌዎች ለቅሶ ተቀምጣ እርሟን እንድታወጣ ቢለምኗት «ዕቃዬ አይወጣም» አለቻቸው። ልጅሽስ ብሎ ለሚጠይቃት፣ ኦሮምኛ እምብዛም የማትናገረው እናቴ «ጅራ» ብላ ታልፋለች። እኔ ደግሞ ሟርቱን የጠራሁት እኔ ነኝ ብዬ አምኜ አደግሁ። ሞኝነት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ማወቄ ግን ምንም አልቀነሰልኝም።

እጃጂ አስተማሪ ሆኜ ተመደብኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። በመጣሁ ቁጥር ክፍሏን ላስተካክልልሽ እላታለሁ። «ተዪው» ትላለች። ሬዲዮዎቹ ዛጉ፣ ጆንያዎቹ በላያቸው ላይ ተበጣጠሱ። የዛሬ ሦስት ዓመት ታማ ተኛች። አንድ ከሰዓት ብቻችንን ሆነን እጄን ያዘችና «የኔን ለቅሶ ስትቀመጡ፣ ሙልዬ፣ የሱንም ዕቃ አውጪለት» አለችኝ። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

አሁን አምቦም ዘመኑ ተለውጧል። ለቅሶ ሲሆን ድንኳን ይተከላል፣ የፕላስቲክ ወንበር በመኪና ይመጣል፣ የቤት ዕቃ ከቦታው አይነሳም። እናቴ ያረፈች ቀን የእድሩ ልጆች ድንኳኑን ወጥረው ጨርሰው ቤቱን ባዶ ማድረግ አያስፈልግም አሉኝ። እኔ ግን እንቢ አልኩ። የአልጋውን ራስጌ እኔ ያዝኩ፣ ግርጌውን ያን ጊዜም ያነሳው፣ አሁን ፀጉሩ የሸበተው የአዴ ጫልቱ ልጅ ያዘ። ከሥሩ አራቱ ጉድጓድ ወለሉ ላይ እንዳሉ ነበሩ። አውጥተን አጥሩ ላይ፣ ያኔ ከነበረበት ቦታ አስደገፍነው።

ይሄኔ እየጮህኩ አለቀስኩ። ለቀስተኛው ለእናቷ ነው ብሎ ያባብለኛል። አዴ ጫልቱ በዱላቸው ተደግፈው ወጡና አልጋውን ቆመው አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። ያን ቀን የእናቴን እጅ እንደያዙት የኔንም ሁለቱንም ያዙ። ያን ቀን ያሉትን «ጅራ» ግን አላሉም።