የኮቱ ግራ ትከሻ

ገጣሚ ነኝ ብዬ ራሴን ከሾምኩ በኋላ የመጀመሪያው ችግሬ ብርድ ነበር። ግጥም የሚመጣልኝ እንጦጦ ላይ ባሕር ዛፍ ሥር ስቀመጥ ነው ብዬ አምን ስለነበር በየማለዳው ከቀበና ሽቅብ እወጣለሁ። ከግጥሙ በፊት ግን ንፍጡ ይመጣል። ስለዚህ ሾላ ገበያ ወርጄ አንድ ጥቁር ሰማያዊ አሮጌ ኮት ገዛሁ። እጅጌው ጣቶቼን ይውጣቸዋል። ትከሻው ግን ደልደል ያለ ስለነበር ስለብሰው የመሥሪያ ቤት ኃላፊ እመስላለሁ። ያኔ ደግሞ ከግጥም ይልቅ ኃላፊ መምሰል መንገድ ያስከፍት ነበር።

ግራ ትከሻው ከቀኙ ከበድ ይላል። መጀመሪያ የልብስ ሰፊው ስህተት መስሎኝ ተውኩት። በኋላ ገበሩን ስተረትረው በላስቲክ የተጠቀለለ ብር ወጣ። ሁሉም የንጉሡ መልክ ያለበት አሮጌው ብር ነው።

ወቅቱ አሮጌው ብር በአዲሱ የሚለወጥበት ነበር። የተሰጠው ጊዜ ካለፈ ያ ሁሉ ብር ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ብዙ ይዞ ባንክ የሚቀርበውን ደግሞ «ከየት አመጣኸው?» ይሉታል ይባላል። ሥራ የሌለው ገጣሚ «ከትከሻዬ» ብሎ ቢመልስ ማን ያምነዋል?

ከባንኩ ይልቅ ያስቸገረኝ ግን የራሴ ግጥም ነው። በቅርቡ በቀበሌው አዳራሽ እንዲህ የሚል አንብቤ ሊቀ መንበሩ ሳይቀር አጨብጭቦልኝ ነበር፦

በሰው ላብ የራሰ እንጀራ የበላ፣
ሆዱ ቢጠግብለት እንቅልፉን ተበላ።

ይህን ስጽፍ የሰው እንጀራ በአጠገቤ አልፎ አያውቅም። አሁን አልጋዬ ላይ ተቀምጧል። ጥሩ ጥሩ መከራከሪያዎች አልጠፉኝም። ኮቱን በገንዘቤ እስከገዛሁት ድረስ ውስጡ ያለውም የእኔ ነው። አዝራሩ፣ የኪሱ ቀዳዳና የሌላ ሰው ላብ ሽታ አብረው መጥተዋል፤ ቀዳዳውን የእኔ አይደለም ብዬ አልመለስኩም። ታዲያ ብሩን ለይቼ የምመልሰው ለምንድን ነው?

ቤታቸው ደባል ሆኜ የምኖርባቸው አሮጊት ጴንጤ ነበሩ። ጎረቤት እንዳይሰማ ጸሎታቸውን በሹክሹክታ የሚያደርሱ፣ ሌላውን ሁሉ ግን ጮክ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው። ብሩን አሳየኋቸው።

«የሰው ነው፤ መልስ» አሉኝ። ከዚያ ወደ ጣሪያው ቀና አሉ። «ባለቤቱ ካልተገኘ ግን ጌታ የላከው ሊሆን ይችላል። ቆርቆሮው ክረምት ክረምት እንዴት እንደሚያፈስ እሱ አይጠፋውም።»

«እንግዲያው ባለቤቱን ልፈልግ፣ እማማ?»

«ፈልግ። ብዙ ግን አትድከም።»

ኮቱን የሸጠልኝ ሰውዬ ልዋጭ ነበር። ጠዋት ጠዋት የብረት ሳህን ተሸክሞ «ልዋጭ!» እያለ በየሰፈሩ ይዞራል። ሳህን ሰጥቶ አሮጌ ልብስ ይቀበላል፤ ከሰዓት በኋላ ልብሱን ሾላ አምጥቶ ይሸጣል። ኮቱን ለብሼ ሄድኩና ከማን እንዳገኘው ጠየቅሁት።

«ምን ተገኘበት?» አለኝ።

«ቅማል።»

«እና ለባለቤቱ ልትመልስ ነው? የዘንድሮ ልጆች ጨዋ ናችሁ።» ሳቁን ከጨረሰ በኋላ ነገረኝ። «ከቀበና ወደ እንጦጦ ሲወጣ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር። ባሏን ከወሰዱት ወዲህ ሴትየዋ የቤቱን ዕቃ እያወጣች ነው። ሳህን ሳሳያት ‹ዱቄት የለህም?› አለችኝ። ዱቄት ከየት ላምጣ? ሳህኑን ወሰደች።»

ነገሩ ተበላሸብኝ። እስከዚያ ድረስ የተገኘ ብር ነበር። አሁን ባለቤት ያለው ብር ሆነ፤ ባለቤቱም ዱቄት የላትም።

በማግስቱ ሰማያዊውን በር አንኳኳሁ። የከፈተችው ቀጠን ያለች ሴት ናት። ያየችው እኔን ሳይሆን ኮቱን ነበር። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ምን ነበር፣ ጓድ?» አለች።

ከዚያ በፊት ጓድ ብሎ የጠራኝ ሰው አልነበረም። የገዛ ባሏ ኮት ነው የሾመኝ።

«እትዬ፣ ይሄ ኮት ከእርስዎ ቤት የወጣ መሰለኝ። ትከሻው ውስጥ የተረሳ ነገር አግኝቼ ነው።» እንዳይሰማብን ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። ዝቅ ማድረጌ የባሰ አስፈራት።

«እኛ ቤት ኮት የለም።»

«ገንዘብ ነው።»

«ገንዘብም የለም። ያለንን ሁሉ አስመዝግበናል።»

ከማዶ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ምስር የምትለቅም ጎረቤት እጇን ከሰፌዱ ላይ አነሳች። ሴትየዋም አየቻትና በሩን ዘጋችው።

ቁልቁል ስወርድ ነገሩ ገባኝ። ሌባ ብመስል ኖሮ ትጮህብኝ ነበር፤ ሐቀኛ ስለመሰልኩ ግን ሞቷን ያመጣሁባት መሰላት። በዚያ ጊዜ ያገኘውን ገንዘብ በየበሩ ይዞ የሚዞር ሰው ወይ እብድ ነው ወይ የተላከ ነው። ያ ኮት ደግሞ እብድ ለመምሰል አይመችም።

የመለወጫው ጊዜ እያለቀ ነበር። ብሩ እኔ ዘንድ ከዋለ ለእሷም ለእኔም ለጣሪያውም ሳይሆን ይቀራል። ቀጥ ብዬ ልሰጣት አልቻልኩም። ሆኖም ኮቱ ከዚያ ቤት የወጣበት መንገድ ማንም የማይጠረጥረው መንገድ ነበር፤ የወጣው በሳህን ነው። ብሩን እንደነበረ ጠቅልዬ ትከሻው ውስጥ መለስኩና ጥቁር ክር ባጣ በነጭ ሰፋሁት። ከዚያ ኮቱን ክንዴ ላይ አንጠልጥዬ ወደ ሰማያዊው በር ተመለስኩ።

ጎረቤቷ ዛሬም ደጃፏ ላይ ናት። ደግ ነው፤ ምስክር ያስፈልገኝ ነበር።

«እትዬ» አልኩ ጮክ ብዬ በሩ ሲከፈት፣ «ይሄ ኮት አልሆነኝም። በብረት ሳህን ልለውጠው ፈልጌ ነው።»

«አንተ ልጅ፣ ትናንት ሹም ነበርክ፤ ዛሬ ልዋጭ ሆንክ?» አለች ጎረቤቷ ከማዶ።

«ብርዱን እችለዋለሁ፤ መብያ ነው ያጣሁት።»

«መብያው ይገኛል እኮ፤ የሚበላው ነው ችግሩ» አለችና ወደ ሴትየዋ ዞራ፣ «ተቀበይው እቴ፤ ለልጆችሽ የማታ ልብስ ይሆናል» አለቻት።

ሴትየዋ ኮቱን ከእጄ ወሰደች። ገበያ ላይ እንዳለ ሰው አገላበጠችው። አውራ ጣቷ ግራ ትከሻው ላይ ሲደርስ ቆመ። ለአፍታ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ያልጠበቅሁትን አደረገች፤ ተከራከረችኝ።

«ያረጀ ነው። ሳህኔ አዲስ ነው። ጨምርበት።»

«ምን ልጨምር?»

«ያንን ሻርፕ ይጨምር» አለች ጎረቤቷ።

ሻርፑን ፈትቼ ሰጠሁ። ሴትየዋ ገብታ ሳህኑን አምጥታ ሰጠችኝና በሩን ዘጋች፤ አሁን ግን በቀስታ ነበር።

ቤት ስገባ አሮጊቷ ባዶ አንገቴን አዩ።

«ኮትህስ?»

«በሳህን ለወጥኩት።»

«ሻርፕህስ?»

«ጨመርኩ።»

«አንተን ዓይነቱ ሰው ብቻውን ገበያ አይላክም» አሉና ጣሪያውን አይተው ሊጸልዩ ገቡ። በዚያ ብርድ እንጦጦ አልወጣሁም። ግጥምም አልመጣም።

ጾሙ ሲገባደድ ሾላ ሳልፍ ልዋጩ ጠራኝ። ኮቱ ገመዱ ላይ ተሰቅሏል።

«ና፣ ይሄ ኮት ይወድሃል፤ ተመልሶ መጣ» አለኝ። ዋጋውን ሲነግረኝ ግን ከበፊቱ ጨምሯል።

«ምን ተገኘና?»

«እሷ ጨመረችብኛ። ያኔ የሰጠኋትን ዝም ብላ የምትቀበል ሴት ነበረች፤ አሁን እንደ ነገረ ፈጅ አደረቀችኝ። ሳህን ብላት ‹ሳህንህን ለሌላ› ብላ ጥሬ ብር አስቆጠረችኝ። አህያ ዱቄት ሲያራግፍላት በዓይኔ አይቻለሁ። ከየት አገኘች ግን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» ብዬ ከፈልኩት።

ቤት ደርሼ ኮቱን ጭኔ ላይ አነጠፍኩት። የእኔ ነጭ ክር የለም። በጥቁር፣ በደቃቅ ስፌት ተሰፍቷል። ግራ ትከሻው ግን ዛሬም ከቀኙ ከፍ ይላል። ምላጭ አነሳሁ።

«ምን ትፈልጋለህ?» አሉ አሮጊቷ።

«ምንም።»

«ምንም ከሆነ ምላጩን አስቀምጠው።»

አላስቀመጥኩትም። ስከፍተው ውስጡ ጥጥ ነው፤ ብሩ የወጣበት ቦታ እንዳይጎደጉድ የተጠቀጠቀ፣ ንጹሕ፣ አዲስ የተባዘተ ጥጥ። አሮጊቷ አንስተው በጣታቸው አሹት። «ይህች ሴት ባለሙያ ናት» አሉና መርፌ ፈልገው መልሰው ሊሰፉልኝ ተቀመጡ። እኔ ግን ኮቱን ከመስጠቴ በፊት፣ ብር ቀርቶ እንደሆነ ብዬ ጥጡ መሃል ጣቴን ደጋግሜ አዙሬ ነበር።