ሦስተኛው እግር

የአምፕሊፋየሩ ስፒና ከፋብሪካ ሲወጣ ሦስት እግር ነበረው። ሁለቱ ኤሌክትሪኩን ያመላልሳሉ፤ ሦስተኛው አንድ ነገር ሲበላሽ ያመለጠውን ኤሌክትሪክ መሬት ያስገባዋል። ባለጓዙ ሦስተኛውን እግር ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት በፒንሳ ነቅሎ በመስኮት ወረወረው። ምክንያቱ አንድ ነው፤ አምፕሊፋየሩ ‹‹ጉምምም›› እያለ አስቸግሮት ነበር። እግሩ ከተነቀለ በኋላ ዝም አለ።

ባለጓዙ ጊታር ተጫዋች ነው። ከተማ ለከተማ እየዞረ ይጫወታል። ሌላው ጊታሪስት አንድ ጊታር አንግቶ መኪና ሲገባ እሱ በጓዙ የመኪናውን ግማሽ ስለሚይዝ ስሙን ሹፌሮች አወጡለት። ሁለት ጊታር አለው። አንዷ ቀይ ናት፣ በክብር የምትያዝ። ሁለተኛዋ ስብራቷ ትባላለች፤ ከመኪና ጣሪያ ላይ ወድቃ አንገቷ ተሰብሮ በማጣበቂያ የዳነች ናት። እሱ ግን ከቀይዋ ይልቅ እሷን ይወዳል። ‹‹ከተሰበረች ወዲህ ድምፅዋ ወፈረ። ሰውም እንደዚያው ነው›› ይላል።

እግሩ ሥር የሚዘረጋ ጣውላ አለው፤ ጣውላው ላይ አራት የብረት ሳጥኖች ተደርድረዋል። በእግሩ ይረግጣቸዋል። ገደል ማሚቶ የተጫወተውን መልሶ ይጫወትለታል። ሻካራው ድምፁን ጉሮሮው እንደታመመ ሰው ያደርገዋል። ዋይታ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በተረገጠ ቁጥር ያለቅሳል። አራተኛው ጽሑፉ ስለተፋቀ ሥራው ምን እንደሆነ ማንም አያውቅም። ‹‹ሲበራ አይታወቅም፤ ሲጠፋ ነው የሚታወቀው›› ይላል ባለጓዙ።

ከሁሉ በላይ ግን አሮጊቷ አለች። አሮጊቷ አምፕሊፋየሩ ናት። ከትዳሩ በዕድሜ ትበልጣለች። በጀርባዋ በኩል ቀስ እያሉ የሚቀሉ የመስታወት ቱቦዎች አሏት፤ እነሱ እስኪሞቁ ሁለት ደቂቃ ሙሉ አትናገርም። በጉዞ ላይ ብርድ ልብስ ይጠቀለልላታል። ሚስቱ ‹‹ጣውንቴ›› ነው የምትላት። ‹‹ጣውንቴን ደህና አድርገህ ሸፍናት፤ እኔ እንደሆንኩ ለምጄዋለሁ።››

አሮጊቷ አንድ አመል አላት፤ ትነክሳለች። ጊታሩ በእሷ በኩል እየሠራ፣ እጁ ክሩ ላይ ያለ ሰው ከንፈሩን ወደ ማይክራፎን ካስጠጋ፣ ሰማያዊ ብልጭታ ዘላ ትቀበለዋለች። ሁለት ዘፋኞች ከንፈራቸውን ይዘው ከባንዱ ወጥተዋል። ‹‹አሮጊት ጥርስ የላትም ያለው ማነው?›› እያለ ቤዝ ተጫዋቹ ይስቅባቸው ነበር።

ባለጓዙ ለዚህም ዘዴ አለው። አዳራሽ በገባ ቁጥር ግራ እጁን ክሩ ላይ አድርጎ የቀኝ እጁን ጀርባ ወደ ማይኩ ያስጠጋል። መዳፉን አይሰጥም። መዳፍ ኤሌክትሪክ ሲይዘው ይጨብጣል፣ አይለቅም፤ የእጅ ጀርባ ግን ይሸሻል። ከነከሰችው ስፒናውን ከሶኬቱ ነቅሎ፣ ገልብጦ ይሰካል። ያን ጊዜ ትተወዋለች። ከዚያ በስፒናው ላይኛው ገጽ ላይ ቁራጭ ነጭ ፕላስተር ይለጥፋል። ‹‹ነጩ ወደ ላይ›› የባንዱ ሕግ ነው። ነጩን ያየ ሰው ስፒናውን አይነካም። ሃያ ሁለት ዓመት ማንም አልነካም።

ዘንድሮ ልጁ አብራው ልትወጣ ሆነ። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ትዘፍናለች፣ ስብራቷንም ከአባቷ ባልተናነሰ ትጫወታለች። ከመነሳታቸው በፊት ባለጓዙ አሮጊቷን አቧራዋን ለማስጠረግ ወደ እህቱ ባል ወሰዳት። የእህቱ ባል ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። ጠባቧ ሱቁ እስከ ጣሪያው በሬዲዮ ሬሳ ተሞልታለች። የአሮጊቷን ጀርባ ፈትቶ አየና መፍቻውን አስቀመጠ።

‹‹አማቼ፣ ይቺ ሴትዮ አሁንም መሬት የላትም።››

‹‹ሃያ ሁለት ዓመት ያለ መሬት ኖራለች። ማን ሞተ?››

‹‹መሬት እንድታገኝ የግድ ሰው መሬት መግባት አለበት?››

‹‹አታሟርት!››

‹‹ሟርት አይደለም፤ ሙያዬ ነው። ይኼን ታያለህ? በውስጥ ያለው ይኼ ዕቃ አርጅቷል። በፊት ትቆነጥጥህ ነበር። አሁን ግን ከያዘች አትለቅም። አንድ ጋዜጣ አንብበህ ሳትጨርስ እግሩን እቀጥልላታለሁ።››

‹‹እሱን ስትቀጥልላት ደግሞ ማጉረምረም ትጀምራለች። ስንት ዓመት ዝም ያሰኘኋትን!››

‹‹ሚስት ብትሆን ዝምታዋን ትፈራው ነበር›› አለ ጠጋኙ። ከዚያ ቀስ ብሎ ጠየቀ፤ ‹‹ልጅቷ ምን ላይ ነው የምትሰካው?››

‹‹እዚሁ ላይ። ሁለተኛው ቀዳዳ ላይ።››

‹‹እየዘፈነች?››

‹‹እየዘፈነች።››

‹‹ነግረሃታል?››

ባለጓዙ አሮጊቷን በብርድ ልብስ መጠቅለል ጀመረ። ‹‹እነግራታለሁ። እግሩን ደግሞ ከዚህ ጉዞ ስንመለስ ትቀጥላለህ።››

ጠጋኙ ባለ ሦስት እግር አዲስ ስፒና ከመሳቢያው አውጥቶ በአማቹ ኮት ኪስ ከተተው። ባለጓዙም መኪናው ጋ ሲደርስ አውጥቶ ትርፍ ክሮች ያሉበት ቆርቆሮ ውስጥ ጣለው።

በመንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ሊነግራት አፉን ከፈተ። ሦስቱንም ጊዜ ሌላ ነገር ተናገረ። ከነገራት ለእናቷ ትደውላለች፤ እናቷ ከሰማች ጣውንቲቱ ከቤት ትወጣለች። ይህ ግን ዋናው ምክንያት አልነበረም። የሚነክስ ዕቃ ላይ ልጁን የሚሰካ አባት ምን ይባላል?

በመጀመሪያው ከተማ አሮጊቷ ክንዱን እስከ ክርኑ መታችው። እንደዚያ መትታው አታውቅም። ስፒናውን ገለበጠ፣ ነጩን ለጠፈ፣ እጁን ከኋላው ደብቆ አፍታታ። ልጁ ከመድረኩ ጫፍ ሆና ታየው ነበር።

‹‹አባዬ፣ ምንድን ነው ማይኩን በእጅህ ጀርባ የምትዳብሰው?››

‹‹እንዲያው ነው።››

‹‹እንዲያው ምን? እኔ ትንሽ ሆኜ ሲያተኩሰኝ እኮ እንደዚህ ነበር ግንባሬን የምትነካኝ።››

‹‹አዎ›› አለ። ‹‹ትኩሳት እንዳላት ነው የማየው።››

ሳቀች። ቤዝ ተጫዋቹ አልሳቀም። ባለጓዙን አየው፤ ባለጓዙ ፊቱን ወደ ሳጥኖቹ አዞረ። የዚያን ቀን ልጅቷ ሁለት ዘፈን ዘፈነች። ሁለተኛው ከተማም በሰላም አለፈ። በሰላም ማለፉ ነው የከፋው፤ ነገም ዛሬን ይመስላል አሰኘው።

የሦስተኛው ከተማ አዳራሽ የሲሚንቶ መድረክ ነበረው። በዋዜማው ዘንቦ ጣሪያው አፍስሶ ስለነበር ወለሉ ጠቆር ጠቆር ብሏል። መድረኩ ላይ አንድ ሶኬት ብቻ ነበር። ትርኢቱ እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ባለጓዙ በስድስት ሰዓት ዕቃውን ሠራ፣ በእጁ ጀርባ ፈተነ፣ ገለበጠ፣ ነጩን ለጠፈ፣ አሮጊቷን አጠፋት። ከዚያ የመኪናው ጎማ ተንፍሷል ተብሎ ከሹፌሩ ጋር ወጣ። ቤዝ ተጫዋቹና ከበሮ መቺው ምሳ ሄዱ። መድረኩ ላይ ልጅቷ ብቻዋን ቀረች።

በዘጠኝ ሰዓት አዳራሹ ሞላ። አሮጊቷ ሞቀች። ባለጓዙ የመጀመሪያውን ዘፈን በቀይዋ ጀመረ፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ድምፃዊ የሌለባቸው፣ ጊታር ብቻ ናቸው። ገና ሲጀምር ድምፁ ከሥሩ ትንሽ ወፍሮ ሰማው። የአዳራሹ ሽቦ ይሆናል አለ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የሱ ጆሮ ባዳ አልነበረም፤ በትክክል ነግሮት ነበር። ባዳ የሆነው እሱ ነው።

ሦስተኛው አልቆ አራተኛው ሲጀመር ልጅቷ ስብራቷን አንግታ ወጣች። ሕዝቡ አጨበጨበ። ጫማዋ ጠቧት ኖሮ በባዶ እግሯ ነበረች። ሽቦዋን በአሮጊቷ ሁለተኛ ቀዳዳ ላይ ሰካች፣ ለአባቷ ፈገግ አለችለት፣ ወደ ማይኩ ሄደች። ባለጓዙ እየተጫወተ ከኋላዋ አያት። መጀመሪያ ያየው ቀሚሷን ነው። ጠዋት ከሻንጣ ሲወጣ የተጨማደደው ቀሚስ ሽንሽኑ ቢላ መስሎ ቆሟል።

ተኩሳዋለች።

ዓይኑ ዞረ። ካውያው ከከበሮው ኋላ ካለው ወንበር ሥር ተቀምጧል። የት ሰካችው? መድረኩ ላይ ያለው ሶኬት አንድ ነው። ወደ ግድግዳው አየ። ስፒናው በደንብ ተሰክቷል፤ ልጁ ጥንቁቅ ናት፣ ከተኮሰች በኋላ መልሳ ሰክታዋለች። ነጩ ግን አይታይም። ነጩ ወደ ታች ነው።

መጮህ አይጠቅምም፤ ከበሮው እየተመታ ነው። ስፒናው ከኋላው ስምንት እርምጃ ይርቃል። ልጁ ከፊቱ አራት እርምጃ። የግራ ጣቶቿ ክሩ ላይ ናቸው፣ አንገቷን ወደ ማይኩ ዘንበል አድርጋለች፣ ለመዝፈን አየር ስባለች።

ባለጓዙ አራቱን እርምጃ ሄደ። የእጁን ጀርባ አላሰበም። ግራ እጁ በቀይዋ አንገት ላይ እንዳለ፣ ቀኝ እጁን ዘርግቶ ማይኩን ከነመቆሚያው በመዳፉ ጨበጠውና ከአፏ ላይ ነጠቀው።

ያዘችው። አልለቀቀችውም። ሕዝቡ የጭፈራ አካል መስሎት አጨበጨበ። ስፒናውን የነቀለው ቤዝ ተጫዋቹ ነው፤ ባለጓዙ እንዴት እንደቆመ አይቶ ገባው። አሮጊቷ ዝም ስትል ባለጓዙ ከነማይኩ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ።

አልሞተም። ልቡን ለሁለት ቀን ተከታተሉት፤ በሦስተኛው ቀን ሐኪሙ ሌላው ሁሉ ይመለሳል አለ። የግራ እጁ መሐል ጣትና የቀለበት ጣት ግን ክሮቹ ባረፉበት ላይ እስከ አጥንት ተቃጥለዋል። ይታጠፋሉ፤ አይሰማቸውም። የማይሰማ ጣት ክር ላይ የት እንዳለ አያውቅም።

ልጁ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ቤዝ ተጫዋቹ ሁሉንም ነግሯታል፤ ስለ ነጩ፣ ስለ ሃያ ሁለት ዓመቱ። አልጮኸችበትም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

‹‹ትኩሳት ነው ያልከኝ?››

‹‹አዎ።››

‹‹እኔ እኮ ነኝ የገለበጥኩት። በገዛ እጄ።››

‹‹አንቺ አይደለሽም›› አለ ባለጓዙ።

የተያዙ ትርኢቶች ስለነበሩ ጉዞው አልቀረም። ልጅቷ ልሂድ አለች። እናቷ አሮጊቷን በመጥረቢያ ካልፈለጥኩ ብላ ነበር፤ ጠጋኙ ለመናት። ከክር ቆርቆሮው ውስጥ ያን ስፒና አውጥቶ ሦስተኛውን እግር ቀጠለላት፣ ያረጀውንም ዕቃ ለወጠ። አሮጊቷ ‹‹ጉምምም›› ማለት ጀመረች። ባለጓዙ ከደጅ ቆሞ ሰማት፤ አልገባም።

ከዚያ ወዲህ በየከተማው፣ ከቀኑ በአሥር ሰዓት ግድም፣ ዕቃ ሲፈተን ልጁ ትደውላለች። ወሬው አጭር ነው።

‹‹ጉም ትላለች?››

‹‹ትላለች።››

‹‹ጥሩ።››

በአምስተኛው ከተማ ድምፅዋ ደስ ብሎት መጣ። ‹‹አባዬ፣ የዛሬው አዳራሽ ግሩም ነው! አሮጊቷ ጭራሽ ጥርት ብላለች፤ አንድ ጉም የለ።››

ባለጓዙ ከወንበሩ ተነሳ። ‹‹የት ነሽ?››

‹‹መድረክ ላይ።››

‹‹ጊታሩስ?››

‹‹አንገቴ ላይ።››

‹‹እጅሽን ከክሩ ላይ አንሺ።››

‹‹አባዬ ምን...››

‹‹አንሺ አልኩሽ! አነሳሽ?››

‹‹አነሳሁ።››

‹‹ጊታሩን በማሰሪያው ይዘሽ አውልቂው። አሁን የአሮጊቷን ሽቦ ተከትለሽ ሂጂ። ምንም አትንኪ፤ እዪ ብቻ።››

ባዶ ወለል ላይ የሚሄድ የጫማ ድምፅ ተሰማ። ሚስቱ ከወጥ ቤት ማማሰያ እንደያዘች ወጥታ በሩ ላይ ቆመች።

‹‹የአዳራሹ ሰውዬ ማስረዘሚያ አምጥቶ ነበር›› አለች ልጁ። ድምፅዋ ተለውጧል። ‹‹ባለ ሁለት ቀዳዳ ነው። ሦስተኛው አልገባ ሲለው የሆነ ማገናኛ ሰክቶበታል። እግሩ ከምንም ያልተገናኘ ባዶ ሳጥን ውስጥ ነው የገባው፣ አባዬ።››

‹‹ሰውዬውን ጥሪው፤ እሱ ከግድግዳው ይንቀለው። ባለ ሦስት ቀዳዳ ሶኬት ፈልጉ። ስልኩን እንዳትዘጊ።››

ጠበቀ። ከሩቅ ሰው ይከራከራል፣ ከባድ ነገር ይጎተታል። ባለጓዙ ሁለቱን ደንቆሮ ጣቶቹን በሌላው እጁ ይዞ ቆመ። የሆነ ነገር ‹‹ቀጭ›› አለ። ከዚያ ዝምታ። ቱቦዎቹ እስኪሞቁ ሁለት ደቂቃ እንደሚፈጅ ከእሱ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም። ቢሆንም አንዱን ደቂቃ መቁጠር አቃተው።

‹‹ጉምምም›› አለ ስልኩ።

‹‹ሰማህ?›› አለች ልጁ።

‹‹ሰማሁ። ስልኩን እዚያው አስቀምጪው›› አላት። ‹‹አትዝጊው።››