ባዶ አንገት

ትዝታዬ መስቀለኛ ጥያቄ የማይችል ምስክር ነው። ወሩ ግንቦት ነበር ስል፣ «ሳይሆን አይቀርም» የሚለውን አንባቢ ይጨምርልኝ።

ዳባት አጠገብ የእህቴ ልጅ በድንበር ጠብ ጎረቤቱን በዱላ መትቶ፣ ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ ቅጣቱንም ፈጽሞ ተመልሷል። በሕግ ዓይን ነገሩ አልቋል። ሁለቱ ግን ያላቸው አንድ አንድ በሬ ነው፤ በየዓመቱ የሚያርሱትም አቀናጅተው ነው። ካልታረቁ የሁለቱም ማሳ ጦም ማደሩ ነው፤ ዝናቡ ደግሞ በደባርቅ በኩል ማጉረምረም ጀምሯል።

ሽማግሌዎቹ ጡረታ ወጥቼ መምጣቴን ሰምተው ከመካከላቸው አስቀመጡኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የአገሮችን የወንጀል ፍትሕ ሳነጻጽር ኖሬያለሁና፣ ዳኛው ራሱ የሚመረምርባቸውን፣ ጠበቆች ተከራክረው ዳኛው የሚያዳምጥባቸውን፣ በዳይና ተበዳይ ፊት ለፊት የሚነጋገሩባቸውንም አገሮች አንድ በአንድ ተነተንኩ። በእኛ ወግ በዳይ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ይቀርባል፤ የሚያወርድለትም ተበዳዩ ነው። ይህ ሰብአዊ ክብርን ይነካል ብዬ ተከራከርኩ። ሰብሳቢው ቄስ፣ እንግዳ ላለማስቀየም ይመስለኛል፣ «እንግዲያውስ ይቅር» አሉ።

በማግስቱ የእህቴ ልጅ ባዶ አንገቱን አጎንብሶ ቀረበ። ጎረቤቱ ከላይ እስከ ታች አየው።

«ድንጋዩስ?»

«አጎቴ ክብር ይነካል አሉ።»

«የማንን ክብር? ዱላውን ስታነሣ አጎትህን አማክረሃል?»

ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ቄሱ ወደ እኔ ዞሩ፦ «እነዚያ አገሮች እንዲህ ሲገጥማቸው ምን ያደርጋሉ?»

«ይግባኝ ይባላል፣ አባ» አልኩ።

የእህቴ ልጅ ከአጥሩ ሥር አንዲት ድንጋይ አነሣ።

«ይችማ ጉልቻም አትሆን!» አለ ጎረቤቱ።

ልጁ እልህ ያዘው። ከእርከኑ አንድ ቋጥኝ ፈንቅሎ፣ አንገቱ ላይ ጭኖ፣ እየተንገዳገደ መጣ። ጎረቤቱ ከመቀመጫው ዘሎ ተነሣ፤ በሁለት እጁ ደግፎ አወረደለት።

«አንተ ጅል! አንገትህ ቢቀጭ ከማን ጋር ላቀናጅ ነው?»

ከዚያ ተቃቀፉ መሰለኝ፤ ወይም ቄሱ አስተቃቀፏቸው። ድንጋዩን ለሁለት ተሸክመው ከተጣሉበት ድንበር ላይ መትከላቸውን ግን እርግጠኛ ነኝ፤ ዛሬም እዚያው አለ። በሳምንቱ በሬዎቹ ተቀናጅተው ወጡ። አንደኛው ቀይ ነበር እላለሁ፤ እህቴ ቡላ ነው ትላለች። አልከራከራትም፤ ማሳው ታርሷል።