መስቀሌና የባክቴሪያው ሳህን

ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ፣ ብርና አንቲባዮቲክ ባክቴሪያን እንዴት እንደሚገድሉ በቤተ ሙከራ ልንፈትሽ ሆነ። መምህራችን «የብር ጌጥ ያለው ይኖራል?» ሲሉ ከሁሉ ቀድሜ እጄን አወጣሁ። አባቴ ላሊበላ፣ ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ሱቃቸው፣ ለቱሪስት መስቀል ይሸጣሉ። አንገቴ ላይ ያለውንም የሰጡኝ እሳቸው ናቸው።

«ንጹሕ ብር ነው፤ አባቴ ብር ያውቃሉ» አልኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።

መስቀሌን በአልኮል አጽድቼ፣ ባክቴሪያ የተቀባ ሳህን ላይ አስቀመጥኩት። አጠገቡ የአንዲት ልጅ የብር ቀለበትና አንቲባዮቲክ የተነከረች ክብ ወረቀት ነበሩ። በማግስቱ ሳህኑን ከማሞቂያው ስናወጣ፣ በወረቀቷ ዙሪያ ባክቴሪያው ሞቶ ሰፊ፣ ጥርት ያለ ክብ ሠርቷል። በቀለበቱም ዙሪያ ቀጭን ክብ ይታያል። የእኔን መስቀል ግን ባክቴሪያው ከቦት፣ ከሥሩም ገብቶ እንደ ልቡ አድጎ ነበር።

መምህሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ይኼ እንኳ ብር አይመስለኝም» አሉኝ። ከኋላዬ አንዱ «የላሊበላ ብር!» ሲል ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ለገና አገሬ ስገባ አባቴ እንደ ልማዳቸው እንዳስተረጉምላቸው ሱቁ ጠሩኝ። አንዲት አሮጊት ፈረንጅ መስቀል በእጇ ታገላብጣለች።

«ንገሪያት እንጂ ልጄ! የጥንት ብር ነው በያት።»

ከልጅነቴ ጀምሮ ስለው የኖርኩት ቃል አልወጣ አለኝ። አባቴ ራሳቸው «ሲልቨር፣ ሲልቨር» ብለው ሸጡላት።

ሱቁን ዘግተን ሽቅብ ወደ ቤት ስንሄድ «ምነው፣ ምን ሆነሽ ነው ዝም ያልሽ?» አሉኝ። የሆነውን ነገርኳቸው። ቆም አሉ።

«ያንቺንስ ብር ነው ብዬ ነው የሰጠሁሽ። የሸጠልኝ ሰውዬ ምሎልኝ ነበር።»

«ሌሎቹንስ አባባ? እያወቁ ነው የሚሸጡት?»

መሬት መሬት እያዩ መንገዳቸውን ቀጠሉ። መንገደኛ ሰላም ሲላቸው እንኳ ቀና አላሉም። እንደዚያ አንገታቸውን ደፍተው ሳያቸው የክፍሉ ሳቅ ኢምንት ሆነብኝ። ለእሳቸው አፈርኩ። የተማርኩት በዚያው ሱቅ ገቢ እንደሆነ ትዝ ሲለኝ ደግሞ አባቴን አቁሜ መጠየቄ ራሱ አሳፈረኝ።

ሱቁን አልዘጉትም። ከዚያ ወዲህ በየገናው ከተማው በእንግዳ ሲሞላ፣ ቤት ቁጭ ብዬ እያዩኝ ወደ ሥራቸው ይወጣሉ፤ እንዳስተረጉምላቸው ግን ዳግም ጠርተውኝ አያውቁም።