የሃይላይ ፍሬንና የእኔ ባሌስትራ

ሃይላይ ፍሬን ሲሠራ አይናገርም። ሳቁ የሚመጣው ሲጨርስ ነው። ሦስት ዓመት አጠገቡ ስሠራ ስለ እሱ ሰው ቢጠይቀኝ ምን እንደምል አላውቅም ነበር። ዘንድሮ ግን አንድ ነገር ሆነ፤ እንደምችለው ላስቀምጠው ብዬ ነው። እኔ ተሻለ እባላለሁ። ባሌስትራ ነው የምሠራ፤ የመኪናን ሸክም የሚችለውን ተደራራቢ ብረት ማለቴ ነው።

ያለነው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ፣ ጋራጆቹ በተደረደሩበት ሰፈር ነው። የጋራጃችን ባለቤት ከማሉ ይባላል። አባቱ ከኢትዮጵያ የመጡ ናቸው፤ እሱ ግን እዚሁ ተወልዶ ያደገ ነው፤ አማርኛ ጀምሮ በዐረብኛ ይጨርሳል። ሲቆጣም ሲቀልድም ድምፁ አንድ ስለሆነ የምንለየው ፊቱን አይተን ነው።

ሃይላይ የሁመራ ሰው ነው፤ የሰሊጥ እርሻ ትራክተር ሲጠግን የኖረ። ጦርነቱ ሲመጣ በሐምዳይት በኩል ድንበሩን ተሻገረ። ሚስቱ ትዕበና ልጆቹ እስካሁን ስደተኛ ካምፕ ናቸው። እሱ ለሥራ ወደ ከተማ ሲመጣ ከማሉ የሰጠው ዕቃ ማጠብ ነበር። ዓመት ሙሉ በናፍጣ የሰው ዕቃ አጠበ። አንድ ቀን ያጠበውን የፍሬን ዕቃ ለመካኒኮቹ ሲመልስ፣ ውስጡ ያለው ጎማ ተሰንጥቋል፣ ባትገጥሙት ይሻላል አላቸው። ዕቃ አጣቢ ደግሞ መካሪ ሆነ ብለው ሳቁበትና ገጠሙት። በሳምንቱ መኪናው የፍሬን ዘይቱን አፍስሶ እየተጎተተ መጣ። ከዚያ ወዲህ ፍሬን የእሱ ሆነ።

በሰፈራችን አንድ ልማድ አለ። ሁሉም በየራሱ ሥራ ላይ ብቻ ነው እጁን የሚያሳርፍ። ባሌስትራ የሚሠራ ፍሬን አይነካም፤ ፍሬን የሚሠራም ባሌስትራ አይነካም። የሌላውን ሥራ ጎንበስ ብሎ ማየት እንኳ አንተ አታውቅም እንደማለት ነው፤ ነውር ነው። ደግሞ የተሠራ መኪና የሚሞከር ባዶውን ነው። ነዳጅ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ማን ጭኖ ይሞክራል?

ግንቦት ውስጥ ሲስተር ሂያም ፒካፗን አመጣች። አዋላጅ ናት፤ መፋዛ የምትባል ከተማ ሆና ረሃድ በሚባለው ወንዝ ዳር ያሉትን መንደሮች ትዞራለች። ከሪፍ፣ ማለት ክረምቱ፣ ሲገባ ያ ጥቁር ዋልካ መኪና ይውጣል። በዚያ ጭቃ ላይ ምጥ የያዛትን ሴት ሆስፒታል ማድረስ የሷ ሥራ ነው። ስለዚህ መኪናው ከፍ ይበልልኝ፣ ትልልቅ ጎማ ይግባለት አለች። ትልቅ ጎማ ለማቆም ስለሚከብድ የፊቱ ፍሬን በትልቅ ዲስክ እንዲቀየርም ተስማማች። እኔ ባሌስትራውን ሠርቼ መኪናውን አራት ጣት ከፍ አደረግሁት። ፍሬኑን ሃይላይ ሠራ። ከካርቱም ዕቃ መምጣት ከቀረ ወዲህ ዲስክ በቀላሉ አይገኝም፤ ከወዳደቁ መኪኖች ሲለቅም ሰነበተ። ባዶውን ሞከርነው። እንደተረገጠ ቀጥ አለ።

በአራተኛው ቀን የሂያም ሹፌር ተኸስተ ተመልሶ መጣ። መኪናው እስከ በሩ ጭቃ ለብሷል። ስምንት እርጉዝ ሴቶች ከኋላ አሳፍሮ ወደ አንድ ኾር፣ ማለት ክረምት ውሃ ወደሚሞላው ሸለቆ፣ ሲወርድ ፍሬን ያዘ። መኪናው አፍንጫውን ደፋ፤ የፊቶቹ ጎማዎች ተቆልፈው ተንሸራተቱ፤ የኋላው ዝም ብሎ ገፋው። ወርደው ጭቃው ውስጥ ገቡ። የተጎዳ ሰው የለም፤ እግዜር ነው።

ከማሉ ሃይላይን በሰው ፊት ተናገረው። ሂያም የግድ ሐሙስ መሄድ አለባት፤ ሰማዩ ጠቁሯል፤ አንዴ አጥብቆ ከዘነበ መንገዱ ይዘጋል። ከካርቱም ተፈናቅሎ የመጣ አንድ ኡስታ፣ ማለት ዋና መካኒክ፣ አለ፤ እስከ ሐሙስ ካልተስተካከለ ፍሬኑን ለእሱ እሰጣለሁ፣ አንተም ወደ ካምፕህ አለው። "ኸላስ" ብሎ፣ አበቃ ማለቱ ነው፣ ሄደ። ሃይላይ ክሪኩን አንስቶ መኪናው ሥር አስገባ።

ሰኞ ፍሬኑ ውስጥ አየር ቀርቶ ይሆናል ብሎ አራቱንም ጎማ አንድ በአንድ ፈትሾ አስተነፈሰ። ማክሰኞ ዘይቱን የሚገፋውን ዋናውን ፓምፕ ቀየረ። ሁልጊዜ ባዶውን ይሞክራል፤ ሁልጊዜ ደህና ይቆማል። ረቡዕ የኋላውን ታምቡር፣ የፍሬን ሸራው ያለበትን ክብ ብረት፣ ከፈተ። የፍሬን ሸራው ከተገጠመ ጀምሮ የተነካ አይመስልም። ሸራውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰና፣ ይኼ እኮ ሥራ ፈትቶ ነው የከረመ አለኝ። ለምን እንደሆነ ግን አላወቀም። ምሳም አልበላ። ትዕበ ደውላ ነበር፤ ደህና ነኝ አላት። የሚዋሽ ሰው አልነበረም።

ተኸስተ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር። እንግዲህ ላይጠቅም ይችላል ብሎ ነው የጀመረ። መኪናው ከፍ ካለ በኋላ፣ ኾሩ ውስጥ ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከሀዋታ ከተማ አሥራ አምስት ጆንያ ማሽላ ጭኖ ነበር፤ ከልክ በላይ። ያን ቀን ግን መኪናው አፍንጫውን ሳይደፋ ነው የቆመ። ሲከብደው ነው ደህና የሚይዝ አለ።

ከማሉ ሰማው። "ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ እንግዲያው ሲስተር ሂያም እርጉዞቹን ከነማሽላቸው ትጫናቸዋ!"

ጋራጁ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ያልሳቀ ሃይላይ ብቻ ነው። ስንት ጆንያ አልክ ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀው። ከዚያ በጀርባው ተኝቶ ከኋላ በኩል፣ ባሌስትራው ወዳለበት፣ ወደኔ ሥራ ገባ። ትንሽ ቆይቶ እጁን አውጥቶ ና አለኝ።

ገባሁ። በጣቱ አሳየኝ። ከሻንሲው፣ ከመኪናው ዋና አጥንት፣ ላይ አንዲት ትንሽ ብረት ታስራለች፤ የፍሬን ዘይት በሷ በኩል ነው ወደ ኋላ የሚያልፍ። ከሷ ቀጭን ዘንግ ወርዶ የኋላ ጎማዎቹን የሚያያይዘውን አክስል ይይዛል። መኪናው ሲጫን ዝቅ ይላል፤ ዘንጉም ወደ ላይ ይገፋና ለኋላ ጎማ ብዙ ፍሬን ይሰጣል። ባዶ ሲሆን ደግሞ ይቀንሳል። ሃይላይ ሚዛን ነው የሚላት። እኔ መኪናውን በአራት ጣት ከፍ ሳደርግ ዘንጉ ወደ ታች ተጎትቶ ቀረ። ስምንት ሰው ቢሳፈርም ሚዛኗ መኪናው ባዶ ነው ትላለች። አሥራ አምስት ጆንያ ሲጫን ብቻ መኪናው አራቱን ጣት ስለሚወርድ መጫኑን ታምናለች።

እኔ ደግሞ ያን ዘንግ አይቼው ነበር። ባሌስትራውን ስገጥም ተወጥሮ አስቸግሮኝ፣ ፈትቼ፣ ስቤ መልሼ አስሬዋለሁ። የፍሬን ነገር መሰለኝ፤ የእኔ ሥራ አይደለም ብዬ ለሃይላይ ሳልነግረው ቀረሁ። እሱም ባሌስትራ ያለበት ቦታ ነው ብሎ አላየውም።

እዚያው ሥር ተኝተን ነገርኩት። አየኝ። ይሰድበኛል ብዬ ነበር።

"ሓወይ፣ ወንድሜ፣ የሁለታችን መሀል ላይ ነው የወደቀው" አለኝ። "ዘንጉ አክስሉ ላይ የሚይዝበትን ቦታ አራት ጣት ከፍ አድርግልኝ። ሌላውን ተወው።"

ከወፍራም ላሜራ ቆርጬ ማንሻ ሠራሁ፤ ዘንጉ እንደ ድሮው ጋደል ብሎ ቆመ። ሃይላይ እንደገና አየሩን አስተነፈሰ።

ሐሙስ ጠዋት ሃይላይ ከልማዱ ወጣ። ባዶውን አልሞክርም አለ። ጎረቤታችን ካለው የእህል ነጋዴ ስድስት ጆንያ ለምኖ አስጫነ፤ የስምንቱን ሴቶች ክብደት ያህላል ብሎ ገምቶ። ሂያም ከፊት ወንበር ገባች። ከማሉ ደግሞ እኔ ካላየሁ አላምንም ብሎ ጆንያው ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ውረድ ብንለው እምቢ አለ። ከከተማው የእህል ጎተራ ጀርባ ወዳለው ቁልቁለት ሄድን፤ እኔ ታች ቆሜ ጠበቅሁ። ተኸስተ መሪውን ይዞ ወረደ፤ መሀል ላይ ሲደርስ ፍሬን ረገጠ።

መኪናው እንደ በሬ አራት እግሩን ተክሎ ቆመ። ከማሉ ከነሽርጡ በሁለት ጆንያ መሀል ተሰነቀረ። ወጥቶ አቧራውን አራገፈና "እንደገና!" አለ። ሁለተኛ ወረዱ። ሦስተኛ ወረዱ። ሂያም ወርዳ የጎማውን አሻራ አየች፤ አራቱም እኩል አርፈዋል። "ሙምታዝ" አለች፤ ድንቅ ነው ማለቷ ነው።

ከማሉ እንግዲህ ጥፋቱ ምን ነበር ብሎ ሃይላይን ጠየቀው። ሃይላይ አንዲት ዕቃ ነበረች፣ ሳላያት ቀርቼ ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው አለ። ከማሉም ራሱን እየነቀነቀ ወደ ሂያም ዞረ።

እኔ በሰው ፊት መናገር አልወድም። ግን እኔ ዝም ብል እሱ በሰፈሩ ሁሉ ፍሬን አበላሽቶ ያስተካከለ ተብሎ ሊቀር ነው።

"ከማሉ" አልኩት። "ዘንጓን ስቤ ያሰርኩት እኔ ነኝ። እሱ አልነካትም። ያገኛት ግን እሱ ነው።"

ፊቱን ለማየት ፈራሁ። እሱ ግን ተኸስተን፣ ማሽላውን የነገርከን አንተ፣ የሳቅሁ እኔ፣ ብሎ ትከሻውን መታው። ወደኛ ዞሮ፣ ከእንግዲህ ከፍ የሚል መኪና ሲመጣ ሁለታችሁም አብራችሁ ሥሩ ትገባላችሁ፣ ጭናችሁም ትሞክራላችሁ አለ። ከካርቱም የመጣው ኡስታስ፣ ብሎ ተኸስተ ጠየቀው። እሱ ሞተር ይሥራ፣ ፍሬን ባለቤት አለው አለ ከማሉ።

ሂያም ከሰዓት በፊት ወጣች። ዝናቡ ማታ ጣለ። በማግስቱ ከመፋዛ ደውላ ደርሰናል አለች።

ቅዳሜ ሌላ ፒካፕ መጣ፤ እሱም ከፍ ሊል ነው። ሃይላይ ገና መሣሪያ ሳያወጣ ሥሩ ገባ፤ ጎኑ ላይ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ትቶ።

"ተሻለ" አለኝ ከሥር። "ና እንጂ፣ ምን ያስቆምሃል?"

ባሌስትራዬን ጥዬ ገባሁ።