ጨጓራ ነው የተባለው ልብ

የአባቴ ልብ መታመሙን የነገረኝ የባጃጅ ሹፌር ነው። ሐኪም አይደለም፣ እናቴ አይደለችም፣ አባቴ ራሱም አይደለም። የባጃጅ ሹፌር! ያውም እኔን ጎመን ካቀፈች ሴትዮ ጋር ከኋላ አጣብቆ፣ በመስታወቱ እያየኝ።

«የአምቡላንሱ ሹፌር ልጅ አይደለሽም?» አለኝ።

«ነኝ!» ይህን ጥያቄ ሁልጊዜ ደረቴን ነፍቼ ነው የምመልሰው። ሆሳዕና ውስጥ አባቴ ያላደረሰው ቤተሰብ ያለ አይመስለኝም። ግማሹ ልጁን ያዋለደበት፣ ግማሹ እናቱን ያሳከመበት መኪና ነው።

«ልቡ እንዴት ሆነለት?»

«ልቡ? ጨጓራው ነው እንጂ።»

«ኧረ ልቡ ነው! እሑድ ዕለት ቸርች ጸለይንለት የለም እንዴ...» ካለ በኋላ በመስታወቱ ፊቴን አየና አፉን በእጁ ያዘ። መሪውን በአንድ እጅ ብቻ ሲይዝ ባጃጇ ጉድጓድ ውስጥ ገባች። ሴትዮዋ «እኔን!» ብላ ጉልበቴን ጨበጠችኝ፤ ለጉድጓዱ ይሁን ለአባቴ አላወቅሁም። ስወርድ ሒሳብ አልቀበልም አለኝ። እውነት መሆኑን ያመንኩት ያኔ ነው። የባጃጅ ሹፌር ሒሳብ አልፈልግም ካለ ነገሩ ከባድ ነው።

የኔ ንዴት እንዲገባችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ።

በዙሪያችን ያሉት ቀበሌዎች ብዙዎቹ መኪና አያስገቡም። ሰው ሲታመም የመንደሩ ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመው እስከ መንገዱ ያወጡታል፤ አምቡላንሱ እዚያ ይቀበላቸዋል። ሹፌር የሆነ ሰው መሪውን ይዞ ተቀምጦ ቢጠብቅ ማንም አይወቅሰውም። አባቴ ግን መቀመጥ አይችልም። የተሸካሚዎቹን ድምፅ ከታች ሲሰማ በሩን ከፍቶ ቁልቁል ይወርዳል፣ ከደከመው ሰው አንዱን የቃሬዛ እጀታ ይቀበልና ሽቅብ ይወጣል። በዝናቡ ወራት አንድ ቀን እንዲህ ሲወጣ ትንፋሽ አጠረው። ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ቀረ። ተሸካሚዎቹ በሽተኛውን ትተው እሱን ሊጭኑት ደርሰው ነበር ብሎ እየሳቀ ነው የነገረን።

ሆስፒታል ሄደ። ደረቱን በማሽን አዩት። ከዚያ ሐኪሙ «ጨጓራ ነው፣ ይህን መድኃኒት ውሰድ» ብሎ ሸኘው። እሱን ከሸኘ በኋላ ታላቅ ወንድሙን፣ አጎቴን፣ በስልክ ጠርቶ እውነቱን ለእሱ ነገረው።

እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ለባለቤቱ አይነገርም። ለታላቅ ወንድም ይነገራል፣ ታላቅ ወንድም ለሽማግሌ ይነግራል፣ ሽማግሌው ጊዜና ቦታ ይመርጣል። ይህ ወግ ለሞት የተሠራ ነው፤ ለመርዶ ጥሩ ነው፣ እኔም አከብረዋለሁ። ግን ሰውየው በሕይወት እያለ! እየበላ፣ እየነዳ፣ ቃሬዛ እየተሸከመ!

ሐኪሙ ለአጎቴ ጨው ይቀንስ፣ ከባድ አያንሳ ብሎት ነበር። ስለዚህ እናቴ ከአባቴ ወጥ ጨው አነሳች። አባቴ ደግሞ «የጨጓራ ሰው በርበሬ እንጂ ጨው ማን ከለከለው?» እያለ እላዩ ላይ ይነሰንሳል። እናቴ ታነሳለች፣ አባቴ ይጨምራል። ገበታ ላይ ተቀምጬ ጨዋታ መስሎኝ እስቅ ነበር።

አልፎ ተርፎም አጎቴና አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ የአባቴን አለቃ በምስጢር አነጋገሩት። አለቃውም አባቴን ጠርቶ «ቁልፉን አስረክብና ለጥቂት ጊዜ ንብረት ክፍል ቆይ» አለው። ለምን ሲለው «እንዲያው ለእረፍት» አለው። አሁን የትኛውንም ሹፌር ጠይቁ፤ ምክንያቱ ሳይነገረው ቁልፍ የተወሰደበት ሹፌር በሰው አፍ አንድ ስም ብቻ ነው የሚሰጠው፦ ነዳጅ ሌባ። አባቴ ቀን ቀን ንብረት ክፍል ቁጭ ብሎ ጎማና ባትሪ ይጠብቃል፤ ማታ ሲመጣ ጃኬቱን ሳያወልቅ ሶፋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። አንድ ቀን እናቴን «እኔ የእጅ አመል ያለብኝ ሰው ነኝ?» ሲላት ሰማሁ። እናቴ እውነቱን ታውቃለች። «ተው እባክህ» ብላው ወደ ኩሽና ሄደች።

እንግዲህ ከባጃጁ ወርጄ ቤት ስገባ ቅዳሜ ነበር። አጎቴ ከዱራሜ መጥቷል፣ ሽማግሌውም አብረውት አሉ፤ አባቴን ሊያጽናኑት። እናቴ ኩሽና ውስጥ አተካና ታማስላለች። ቡላው፣ ቅቤውና አይቡ እየተዋሃደ ቤቱን በመዓዛ ሞልቶታል። የአባቴ ድርሻ በሌላ ትንሽ ድስት ለብቻው፣ ያለ ጨው።

«እማ፣ የአባዬ ልብ ምን ሆነ?»

ማማሰያው ቆመ። «ማን ነገረሽ?»

«ባጃጅ።»

«ባጃጅ ይናገራል?»

«እማ!»

«ድምፅሽን ቀንሺ። አጎትሽ ነው የወሰነው። እስኪበረታ አይነገረው ተባለ።»

«ሳያውቅ በምኑ ነው የሚበረታው?»

«ሰውን ከበሽታው ይልቅ ድንጋጤው ነው የሚገድለው። አያትሽን ምን ገደላቸው?»

«እርጅና!»

«አፍሽን!» አለችኝ፤ ግን ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ለካ ስንት ሌሊት ነቅታ ትንፋሹን ስታዳምጥ ነው ያደረችው። አሳዘነችኝ። ንዴቴ ግን አልበረደም። ጌታ ያውቃል፣ ምዕመኑ ያውቃል፣ አለቃው ያውቃል፣ ጎመን ያቀፈችው ሴትዮ እንኳ አሁን አውቃለች። ደረቱ ውስጥ የሚመታለት ሰውዬ ብቻ ጨጓራ አለብኝ ብሎ ተቀምጧል!

የማስታጠቢያውን ጆግና ሳፋ ይዤ ሳሎን ገባሁ። በእኛ ቤት እጅ የሚያስታጥብ ልጅ ውኃ ያፈሳል እንጂ አይናገርም።

አጎቴ እያወራ ነው። «ወንድሜ፣ ንብረት ክፍልም የጌታ ሥራ ነው። ለበጎ ነው።» አጎቴ ዱራሜ ባዮሎጂ ነው የሚያስተምረው። የልብን አራት ክፍሎች በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ይሥላል። ለስንት የሰው ልጅ አስረድቶ ለወንድሙ ጨጓራ ነው አለ!

«ሥራውን አልጠላሁም» አለ አባቴ። «ለምን እንደሆነ ንገሩኝ ነው ያልኩት። ነዳጅ ጎደለ? ይለካ፣ ልጠየቅ።»

«ማንም ሌባ አላለህም» አሉት ሽማግሌው እጃቸውን እየዘረጉልኝ።

«ማንም ምንም አላለኝም! እሱ አይደል ችግሩ?»

የሽማግሌውን አስታጠብኩ። የአጎቴን አስታጠብኩ። አባቴ ጋ ስደርስ እጆቹ ከሳፋው በላይ ተዘርግተው አየኋቸው። የጎማና የዘይት ጥቁር እድፍ ጥፍሩ ሥር ገብቷል።

«አባዬ፣ ጨጓራህ አይደለም። ልብህ ነው።»

ውኃውን ማቆም ረስቼ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ።

«አንቺ ልጅ!» አጎቴ ከመቀመጫው ተነሳ።

«ተዋት» አለ አባቴ። እጁ እንደረጠበ ነው። ወንድሙን ቀና ብሎ አየው። «አንተ ታውቃለህ?» አጎቴ መልሶ ተቀመጠ። አባቴ በሩ ላይ ወደቆመችው እናቴ ዞረ፤ እሷ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። «እርስዎም? አለቃዬስ?»

«እኛው ነን የነገርነው፤ ለአንተው ብለን» አሉ ሽማግሌው። «እሑድም ጸልየንልሃል። አንተ ንብረት ክፍል ተረኛ ነበርክ፤ ልጅህም አልመጣችም ነበር።»

«ሌላስ ማን ቀረ?»

«ባጃጁም ያውቃል» አልኩት።

ሳቀ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ሳቀ! ግን ሳቁ አጭር ነበር። «መርዶዬን ለአገሩ ሁሉ አድርሳችሁ እኔን ረሳችሁኝ ማለት ነው።»

«እንዳትደነግጥ ብለን ነው፣ ወንድሜ።»

«እናንተ ካወቃችሁ ወዲህ ምጥ የጠናባት ሴት ከገጠር አምጥቻለሁ። ከኋላዬ እሷ ነበረች፣ እናቷ ነበረች፣ ነርሷ ነበረች። ቁልቁለቱ ላይ ልቤ ቀጥ ቢል እነሱ አይደነግጡም ነበር?» ድምፁን ከፍ አላደረገም። ከፍ ቢያደርግ ይሻል ነበር። «ብትነግሩኝ ኖሮ ቁልፉን ማንም ሳይወስድብኝ እኔው አስቀምጠው ነበር። እኔው! ይህቺን ክብር ነው የቀማችሁኝ።»

አተካናውን ማንም አልነካውም። ቅቤው ላዩ ላይ ረጋ።

ሰኞ ጠዋት ከትምህርት ቤት አስቀርቶኝ ሐኪሙ ዘንድ ይዞኝ ሄደ። «የነገርሽኝ አንቺ ነሽ፣ ቀሪውንም አብረን እንሰማለን» አለኝ። ሐኪሙ ስንገባ ከወንበሩ ተነሳ፤ በዕድሜ ከአባቴ ያንሳል፣ ስንቱን በሽተኛ ከእሱ እጅ ተቀብሏል።

«ዶክተር፣ ይህ ልብ የማን ነው?» አለው አባቴ ቆሞ።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ እንዳይደነግጡ ብዬ ነው፤ ከዚያ ቤተሰብ እንዳትነግረው አለኝ።»

«ቤተሰብ ይመታለታል?»

ከዚያ በኋላ ተቀመጥንና ሁሉንም ነገረን። ከልቡ በሮች አንዱ ጠቧል፤ በልጅነቱ ከያዘው የጉሮሮ ሕመም የቀረ ሊሆን ይችላል። መድኃኒት አለው፣ መርፌ አለው፣ ክትትል አለው። ጨው የለም፣ ቃሬዛ የለም። አባቴ እስከ መጨረሻው ሰምቶ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። «መሪ ላይ ሆኜ ድንገት ራሴን ልስት እችላለሁ?»

«አይሆንም ብዬ ቃል መግባት አልችልም።»

«በቃ» አለ አባቴ። «ይህችን ነበር የፈለግኋት።»

ከዚያ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄድን። አለቃውን ቁልፉን ስጠኝ ሲለው ሰውየው መሳቢያውን በጉልበቱ ገፍቶ ዘጋ። «አትፍራ፣ አልነዳትም» አለው አባቴ። «በወጉ ላስረክባት ነው። ሠራተኛውን ጥራልኝ።»

ሹፌሮቹ መጡ፣ ነርሶቹ መጡ፣ ጥበቃውም መጣ። አባቴ አምቡላንሱን ተደግፎ ቆመ። «ነዳጅ አልሰረቅሁም» አለ። «ልቤን ታምሜአለሁ። ከሌላ ሰው የሰማችሁ ካላችሁ አሁን ከእኔ ስሙት።» አንዷ ነርስ «ወይኔ!» ብላ ማልቀስ ጀመረች። «ቆይ እንጂ፣ ገና አልጨረስኩም» አላት። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሷም እያለቀሰች ሳቀች። በእሱ ምትክ ለተመደበው ሹፌር ቁልፉን በሁለት እጁ ሰጠው። «ሁለተኛዋ ማርሽ ታስቸግራለች፣ አትቆጣት። ገጠር ስትሄድ ደግሞ ወርደህ ተቀበላቸው፤ መኪና ውስጥ ቁጭ ብለህ አትጠብቅ።» ወደ አለቃው ዞሮ «እኔን ጎማ አታስጠብቀኝ፤ የጥሪው ስልክ ላይ አስቀምጠኝ» አለው። አለቃው እሺ አለ። ምን ይበል!

ንዴቴ አሁንም አልወጣልኝም። አጎቴን ይቅርታ ጠይቂ ተብያለሁ፤ ምንጣፉን ስላረጠብኩት ጠይቄዋለሁ። ስለ ሌላው አልጠይቅም።

ወደ ቤት የተመለስነው በባጃጅ ነው። አቤት አጋጣሚ፣ ያው ሰውዬ! አባቴን እንዳየ አንገቱን ቀበረ። ግማሽ መንገድ ከሄድን በኋላ አላስችል ብሎት በመስታወቱ ወደ እኔ አየና ቀስ ብሎ «እንዴት ሆነለት?» አለኝ።

አባቴ ወደ ፊት ዘንበል አለ። «እኔን ጠይቀኝ። ልቡ ያለው እኔ ጋ ነው።»

ሹፌሩ ደንግጦ «እግዚአብሔር ይማርዎት ጋሼ» አለ። ስንወርድ አባቴ ብሩን ዘረጋለት። ሰውዬው ሁለት እጁን አንስቶ «ኧረ ተዉት፣ ተዉት!» ይላል።

«ተቀበል!» አለው አባቴ። «ገና አልሞትኩም።»